ኮምፒውተሩን የነካ እጅ

እኔን የጠየቀኝ ሰው የለም። ኮምፒውተሩ የጥልፉን ፕሮግራም አልከፍትም ባለ ጊዜ አማቼ ተጠየቀ፣ ልጄ ተጠየቀች፣ ከጳውሎስ ጥገና ቤት የመጣው ሰውዬ ተጠየቀ፤ ቀሚስ ልታሳጥር የመጣች መንገደኛ እንኳ የመሰላትን ተናግራ ሄደች። እኔ ግን፣ ከጠዋት እስከ ማታ እዚያው ክፍል የምውለው፣ ቤቱም ግቢውም የኔ የሆነው፣ ወንበር ላይ እንደተጣለ ኩታ ታለፍኩ። ለመጠየቅ ያልታየሁት ሴትዮ ጥፋተኛ ሲፈለግ ግን ወዲያው ታየሁ።

ስሜ ጌጤ ነው። የተማሪ ቤት ደጅ ረግጬ አላውቅም። ፊደል የለየሁት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ነው፣ ለዚያውም ልጅ አዝዬ። ይህን የምጽፈው እንዲታዘንልኝ አይደለም፤ ማንም እንዳያዝንልኝ። ሥራዬ ጥልፍ ነው። ባሌ ዋቅጋሪ ሞቶ ልጄን ደሳለችን ብቻዬን ሳሳድግ ያበላን ይኸው የቀሚስ ጥልፍ ነበር። የሽሮ ሜዳ ነጋዴዎች ደረቱ ላይ የኔ ሐረግ ያለበትን ቀሚስ ከሩቅ ይለዩታል። ሐረጉን ከማንም አልቀዳሁም። ከራሴ አውጥቼ፣ በካሬ ደብተር ወረቀት ላይ በእርሳስ ነድፌ ነው የምሠራው።

ዓይኔ መርፌ ማስገባት እያቃተው ሲመጣ ደሳለች በኮምፒውተር የሚሠራ የጥልፍ ማሽን አስገባች። ነገሩ ቀላል ነው፤ ዲዛይኑ ኮምፒውተሩ ላይ ይዘጋጃል፣ በፍላሽ ይወሰዳል፣ ማሽኑ ላይ ይሰካል፣ ማሽኑ ይጠልፋል። ኮምፒውተሩ አሮጌ ነበርና ዊንዶውስ ከብዶት ሲያቃስት፣ የጎረቤቴ የሶሬሳ ልጅ ሊሚ መጥታ ሊኑክስ የሚባለውን ጫነችበት። የጥልፉም ፕሮግራም እዚያው ሊኑክስ ላይ በነፃ የሚገኝ ሆነ። ደሳለች ወረቀቶቼን አንድ በአንድ እያየች ሁሉንም አስገባቻቸው። እኔም ማብራት፣ ፕሮግራሙን መክፈት፣ የምፈልገውን ዲዛይን መርጬ ፍላሽ ላይ ማድረግ ተማርኩ። ከዚያ አላልፍም፤ ማለፍም ፈልጌ አላውቅም።

ወረቀቶቹ አሁን የሉም። የደሳለች ባል ሲላስ አንድ ቀን ቤት ሲያጸዳ ከአሮጌ ካርቶን ጋር አውጥቶ ለቆሻሻ መኪና ሰጣቸው። ስጮህበት፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ ተቀምጠው የለም እንዴ አለኝ። እንግዲህ ዕድሜዬን ሙሉ የነደፍኩት ያለው እዚያች ሣጥን ውስጥ ብቻ ነው። ይህን ያዙልኝ።

ሲላስ ክፉ ሰው አይደለም ይሉኛል። ክፉ ነው መች አልኩ። ዲግሪ አለው፣ ቢሮ ይሠራል፣ ቸርች ውስጥ የመዘምራኑ አስተባባሪ ነው፣ ሲናገር እጁን ደረቱ ላይ ያደርጋል። አንድ ነገር ብቻ ጎድሎታል፤ ያልገባውን ነገር አልገባኝም ማለት አይችልም። ቤቴ ከገባ ጀምሮ የኮምፒውተሩ አለቃ እሱ ሆነ። መጀመሪያ ያደረገው ሊሚ ያስቀመጠችውን ፓስወርድ መለወጥ ነበር። ኮምፒውተሩ ሲበራስ ለሁላችንም ይከፈታል። አዲስ ነገር መጫን ወይም ዋና ዋናውን መለወጥ ሲፈለግ ነው ፓስወርድ አምጡ የሚለው። ለደህንነት ነው የለወጥኩት አለ። ጠላቱ ማን እንደሆነ አልተናገረም፤ ነገር ግን ሲያስገባ በግራ እጁ ኪቦርዱን ይሸፍናል፣ ክፍሉ ውስጥ ያለሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

በመስከረም ሌላ ነገር አመጣ። ደንበኛ ሲያዝ ኮምፒውተሩ ቀጠሮ የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት ያወጣል። ቀኑ የፈረንጅ ነበርና ሴቶቹ ይምታታባቸዋል፤ አንዷ የእህቷ ቀለበት ካለፈ በኋላ መጥታ ደጃችን ላይ አልቅሳለች። ሲላስ በሩን ዘግቶ አንድ ነገር ሲጎረጉር ቆየና ወጣ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወረቀቱ በኛው ቀን፣ በኛው ዓመት መውጣት ጀመረ። ሽሮ ሜዳ ትልቅ ሱቅ ያላት ዋና ደንበኛችን ሙኒያ አይታ፣ የተማረ ሰው እንዲህ ነው ብላ አመሰገነችው። እሱም እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። እኔንም ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽም። ከዚያ በኋላ ወር ባለቀ ቁጥር ኮምፒውተሩን ቼክ ላድርግ እያለ በር ይዘጋል። ምን እንደሚያደርግ ጠይቄው አላውቅም። እሱ እኔን መች ጠይቆኝ ያውቃል።

መጋቢት ገባ። ጾሙ ሲፈታ ሠርግ በሠርግ ነው፣ ሙኒያም ለዚያ የሚሆን ብዙ ቀሚስ አዛ ነበር። ሲላስ ደግሞ በዚህ መሀል የጥልፉን ፕሮግራም ወደ አዲሱ ካልቀየርኩ ብሎ ተነሣ። አዲሱ ክር ይቆጥባል ይላል። ተቀምጦ ከኢንተርኔት ሊያወርድ ሞከረ። ኮምፒውተሩ እምቢ አለ። ስክሪኑ ላይ ረጅም እንግሊዝኛ ተጻፈ። ሲላስ አላነበበውም፤ ኔትወርኩን ሰደበ። በማግሥቱ ከቢሮ ጓደኛው በፍላሽ አስገልብጦ ይዞ መጣ። ሲሰካው ኮምፒውተሩ አሁንም ጻፈ። እንግሊዝኛ አላነብም፤ ነገር ግን እምቢ የሚል ፊትና እሺ የሚል ፊት በማንም ቋንቋ ይለያል። ሲላስ በግድ ግባ እያለ መታው፣ ደጋገመው፣ ገባ። ከዚያ ወዲያ ፕሮግራሙ ጭራሽ አልከፈት አለ። አሮጌውም የለም፣ አዲሱም የለም።

ሊሚን ጥራት አልኩት። ሊሚ ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ነው የምትሠራው፤ የዘሩን ዓይነት ሁሉ የምትመዘግበው እንደኛ ባለ ሊኑክስ ኮምፒውተር ነው። ሲላስ ሳቀና፣ ሣር ስትቆጥር የምትውል ልጅ ስለ ኮምፒውተር ምን ታውቃለች አለ። ሊኑክሱን የጫነችው እሷ መሆኗን ረሳው። እኔም ደግሜ አልተናገርኩም። አንድ ጊዜ የተናገርኩት ይበቃል ብዬ የማምን ሰው ነኝ፤ በዚህ ቤት ግን አይበቃም።

ያን ዕለት ሙኒያ ለቀሚሶቹ መጣች። አልተሠራም። ምን ሆናችሁ አለች። ሲላስ እኔን አላየኝም። ፈገግ ብሎ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ለሷ ነገራት።

«እማማ ነካክተውት ነው። ምን ላድርግ?»

ሙኒያ እጆቼን አየች። ተዉ እንጂ እማማ ጌጤ፣ ዕድሜ ነው፣ አይፈረድብዎትም አለችኝ። ከስድብ የከፋ ነገር አለ ብትሉኝ ይኸው ነው። ብትሰድበኝ እመልስላት ነበር። ያዘነልኝን ሰው ምን እለዋለሁ? አልነካሁም አልኳት፤ ሕፃን ሲሰርቅ ተይዞ እንደሚለው መሰለብኝና ዝም አልኩ። ደሳለች ክር ማጠንጠኛው ላይ አቀርቅራለች። ልጄ ናት። እናቴ እንዲህ አታደርግም የምትል አንዲት ቃል ጠበቅሁ። ክሩን አጠነጠነች።

ሙኒያ ስትሄድ ሲላስ ክፍሉን ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከተተ። እርስዎ ውጭ ፀሐይ ይሙቁ አለኝ። በራሴ ቤት፣ በራሴ ግቢ፣ እንደ ተሰጣ ብርበሬ።

ቅዳሜ አማንን አመጣው። አማን ጳውሎስ አካባቢ ኮምፒውተር የሚጠግን ሰው ነው። ክፉ አይደለም፤ ነገር ግን መድኃኒቱ አንድ ነው። ኮምፒውተሩን ራሱንም ይመመው፣ ሆዱንም ይቁረጠው፣ አማን ፎርማት ነው የሚያደርገው። ያለውን ሁሉ ጠርጎ አውጥቶ ከአዲስ ይጭናል። እኔ መስኮቱ ሥር ተቀምጫለሁ። ሲገባ ሰላም ያለኝ እንኳ ወደ ሌላ እያየ ነው፤ ወንበሩን ሳልመስለው አልቀርም። ነካ ነካ አደረገና ሊኑክስ ለናንተ ምን ያደርግላችኋል፣ ፎርማት አድርጌ ዊንዶውስ ልጫንላችሁ አለ። ውስጡ የሚፈለግ ነገር ካለ ንገሩኝና ላስቀምጥ አለ፤ ይህን በማለቱ እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ። የሲላስን መልስ በመስኮቱ ሰማሁ።

«የሚፈለግ ነገር የለውም። የእማማ ሥዕሎች ናቸው፤ ደግመው ይሥሏቸዋል።»

ተነሣሁ። ጉልበቴ ያመኛል፣ ያን ጊዜ ግን አላመመኝም። ገባሁና ከሣጥኑ ጀርባ ያለውን የመብራት ገመድ ነቅዬ ጠቀለልኩት፣ መቀነቴ ውስጥ ከተትኩት። ሁለቱም አፋቸውን ከፈቱ።

«ደግሜ የምሥለው ዓይኔን ስትመልስልኝ ነው» አልኩት።

ሲላስ ገመዱን እንድሰጠው በትሕትና ለመነኝ፤ በሰው ፊት ሁልጊዜ ትሑት ነው። ከወገቤ ፈትተህ ውሰድ አልኩት። ለአማንም፣ በቦርሳህ ሌላ ገመድ እንዳለህ አውቃለሁ፣ ይህን ሣጥን ብትነካ ግን ጳውሎስ ድረስ እየጮህኩ እከተልሃለሁ አልኩት። አማን ሳቀና ዕቃውን ሰበሰበ። እማማ እስኪረጋጉ ብሎ ወጣ። አልተረጋጋሁም። አሁንም አልተረጋጋሁም።

ታክሲ ይዤ ወጣሁ፣ የቀረውን በእግሬ ወደ እጽዋት ማዕከሉ ተራመድኩ። በር ላይ ጠባቂው ትኬት ቁረጡ አለኝ። ለጉብኝት አይደለም የመጣሁት፣ ሰው ልጠራ ነው አልኩት። ብቻዎን ነዎት፣ ይዞዎት የመጣ ሰው የለም ወይ አለኝ። ይህ ሁሉ ዛፍ ሳይተከል በፊት ይህን ዳገት ማን ይዞኝ ይወጣ እንደነበር ጠየቅሁት። አንድ ጊዜ አየኝና ስልክ ደወለ።

ሊሚ ቡትስ ጫማዋን እንዳደረገች፣ እጇ አፈር እንደሆነ መጣች። እንደ ቤታችን አጠራር አኮ ትለኛለች፣ አያቴ እንደማለት ነው። ነገሩን እየጮህኩ ጀመርኩላት፤ ስለ ሙኒያ፣ ስለ ቁልፉ፣ ስለ ፀሐዩ። እስክጨርስ ጠበቀችኝና አንድ ነገር ጠየቀችኝ።

«አኮ፣ ከመበላሸቱ በፊት ምን ሲደረግ አዩ?»

እንባዬ መጣ። ተናድጄ ነው የመጣው፣ ሌላ አይምሰላችሁ። ያን ሁሉ ቀን ሰው ሁሉ የተነጋገረበት ነገር ላይ ዓይን እንዳለኝ ያሰበ የመጀመሪያ ሰው እሷ ናት። ያየሁትን ነገርኳት። መጀመሪያ ከኢንተርኔት እምቢ ማለቱን፣ ቀጥሎ ፍላሽ መምጣቱን፣ በግድ መግባቱን። ሊሚ ራሷን ነቀነቀች። ቅዳሜ ስለሆነ ሥራዋ ግማሽ ቀን ነው፤ እጇን ታጥባ ቦርሳዋን አንሥታ አብራኝ ወረደች።

ቤት ስንደርስ ሲላስና ደሳለች ግቢ ቆመው ይነጋገሩ ነበር፤ ሲያዩን አቆሙ። ገመዱን ከመቀነቴ ፈትቼ ለሊሚ ሰጠኋት። ሲላስ ክፍሉን ከፈተ። ሊሚ ተቀመጠችና ጽሑፍ ብቻ ያለበትን ጥቁር መስኮት ከፈተች። ለመሥራት ፓስወርድ ያስፈልጋል አለች። ሲላስ ጎንበስ ብሎ፣ እጁን ሸፍኖ አስገባ። ሊሚ በየጊዜው ጋሽ ሲላስን ከማስቸግር፣ ሌላ የሚያውቀው ሰው ካለ ብላ ጠየቀች። ቀና ብሎ ነው የመለሰላት።

«ይህን ፓስወርድ ከኔ በቀር የሚያውቅ ሰው የለም። ደሳለች እንኳ አታውቀውም።»

በኩራት ነው የተናገረው። እኔም ሰማሁ፣ ደሳለችም ሰማች።

ሊሚ እያነበበች ለኔ እየዞረች ታስረዳኛለች፤ ለሲላስ አይደለም፣ ለኔ። ሊኑክስ ላይ ፕሮግራም የሚመጣው ፓኬጅ በሚባል ጥቅል ነው አለች። አንዱ ጥቅል ሌላው ላይ ነው የሚቆመው። ከሥሩ የሚያስፈልገው ሳይኖር የላይኛው በግድ ሲጫን፣ ግማሹ ገብቶ ግማሹ ደጅ ይቀራል፤ አሮጌው ወጥቷል፣ አዲሱ አልቆመም። የተሰበረ ፓኬጅ የሚሉት ይኸ ነው፣ ዲዛይኖቹ ግን ምንም አልሆኑም፣ ፎርማትም አያስፈልግም፣ የጎደለውን ራሱ ከኢንተርኔት አምጥቶ እንዲያሟላ ማዘዝ ነው አለችኝ። ዲዛይኖቹ ምንም አልሆኑም ስትል ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ።

በስልኳ ኢንተርኔት አገናኘችና አዘዘችው። ኮምፒውተሩ እምቢ አለ። ለሲላስ የጻፈውን ያንኑ ረጅም ነገር ጻፈ። ሲላስ ይኸው፣ እኔንም እንዲሁ ነው ያለኝ አለ፣ ደስ ያለው መሰለ። ሊሚ ግን አነበበችው። ቀስ ብላ፣ እስከ መጨረሻው። ከዚያ ዓይኗ የስክሪኑ ጥግ ላይ ሰዓትና ቀን ወዳለበት ሄደ። አፏን በእጇ ያዘች፣ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ታለቅሳለች ብዬ ነበር፤ ለካ ሳቅ ነው።

ይህ ኮምፒውተር ያለነው ክረምት ላይ ይመስለዋል አለች። በፈረንጅ አቆጣጠር ሁለት ሺህ አሥራ ስምንት፣ ሰባተኛው ወር ላይ ነው ያለው፣ ስንት ዓመት ወደ ኋላ ቀርቶ። አንድ ሰው የኛን ቀን የፈረንጅ አስመስሎ አስገብቶበታል። መጋቢት የኛ ሰባተኛ ወር ነው፣ ለሱ ግን ሰባተኛው ወር ክረምት ነው። ኢንተርኔት ላይ ያለው ሁሉ ደግሞ የዘንድሮ ቀን ተጽፎበታል፤ ኮምፒውተሩ ገና ያልመጣ ቀን የተጻፈበትን ነገር አላምንም፣ አላስገባም እያለ ነው የሚመልሰው። ትክክሉን ሰዓት ራሱ ከኢንተርኔት እንዳያመጣም ተዘግቶበታል። እንግዲህ የመጀመሪያው እምቢታ ከዚህ ነው፤ ፍላሹ የመጣው በእምቢታው ምክንያት፣ ፓኬጁ የተሰበረው በፍላሹ።

ከዚያ ሲላስ ተናገረ፣ ፈጠን ብሎ።

«አላልኩም? እዚህ ቤት በኛ ቀን የሚቆጥረው ማነው? እማማ ናቸዋ።»

ደሳለች ወደ እኔ ዞረች። ልጄ ናትና ፊቷን አውቀዋለሁ፤ ጥርጣሬ ነበረበት። እኔ ራሴ እንኳ ለአፍታ እጄን አየሁት። ሰው ደጋግሞ ሲነግራችሁ የራሳችሁን እጅ ትጠረጥራላችሁ፤ ከሁሉ በላይ ያናደደኝ ይኸ ነው።

ሊሚ ቀኑን ላስተካክል ብላ ነካ አደረገች። ስክሪኑ ላይ ትንሿ ሣጥን ብቅ አለች፤ ስንት ጊዜ አይቻታለሁ፣ ሲላስ ኪቦርዱን በእጁ የሚሸፍንባት ሣጥን። ፓስወርድ አምጡ አለች። ሊሚ እጇን ከኪቦርዱ አንሥታ ወደ ኋላ ተደገፈች።

«ሊሚ፣ ቀኑን ለመለወጥ ይህ ግድ ነው?» አልኳት።

«ግድ ነው አኮ። ያለ እሱ አንድ ደቂቃም አይነቃነቅ።»

«የሚያውቀውስ ማነው?»

ሲላስ የራሱን ጫማ ያይ ነበር። ሊሚ፣ ያደረገው ሰው አንድ ጊዜ ብቻ አድርጎ አይበቃውም፣ የነሱ ወር ከኛ ወር ስለማይገጥም በየወሩ መጨረሻ በእጁ መመለስ አለበት አለች፣ ለማንም ሳይሆን ለግድግዳው። ያን ጊዜ የተዘጋው በር ታወሰኝ። ቼክ ላድርግ።

«ጳጉሜ ስትመጣ የት ልታስቀምጣት ነበር?» አልኩት።

ሊሚ አልቻለችም፣ ሳቀች። ደሳለችም ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ ፊቷን ወደ ክሮቹ አዞረች።

ሲላስ ለደንበኞቹ ብዬ ነው አለ። ቀኑ እንዳይምታታባቸው ብዬ፣ ከፕሮግራሙ ጋር ይያያዛል ብዬ መች አሰብኩ አለ። አምነዋለሁ። ለደንበኛ ብሎ ነው፣ አልተማረውም ነበር፣ ይሁን። ቀኑን ስላሳሳተ አልተቆጣሁትም። የተቆጣሁት ቀኑ ሲገኝ፣ የራሱ እጅ መሆኑን እያወቀ፣ ዓይኔ እያየ የኔ እጅ ላይ ስላደረገው ነው። መጀመሪያ ሙኒያ ፊት የተናገረው ስህተት ይባል፤ አሁን የተናገረው ግን ስህተት አይደለም።

ጎንበስ ብሎ ፓስወርዱን አስገባ። በዚያን ጊዜ አልሸፈነም። እኔ ግን ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። የሚሰጠኝን እንጂ የምሰርቀውን አልፈልግም።

ሊሚ ቀኑን ወደ ቦታው መለሰችው፣ ሰዓቱን ራሱ እንዲያመጣ ከፈተችለት። ደግማ አዘዘችው። እምቢ ያለው ሁሉ እሺ አለ። ጥቁሩ መስኮት ላይ ጽሑፍ እየተንከባለለ ይወርዳል፣ እሷ ታነባለች፣ አንዳንዴ አዎ ትለዋለች። በግድ የገባውን አውጥታ ጣለችው፣ የጎደለውን አስመጣች፣ ትክክለኛውን ፕሮግራም አስጫነች። በኛ ቀን ወረቀት ለማውጣት ኮምፒውተሩን መዋሸት አያስፈልግም፣ ወረቀቱ ላይ ብቻ በኛ ቀን እንዲጽፍ ሌላ ጊዜ መጥቼ አደርግላችኋለሁ አለች።

ከዚያ ተነሥታ ወንበሩን ለኔ ለቀቀችልኝ። ፕሮግራሙን ከፈትኩት፣ ተከፈተ። ዲዛይኖቼ አንድ በአንድ መጡ። ዋቅጋሪ በሞተ ሰሞን እጄ ሥራ ፈትቶ አልቀመጥ ብሎኝ የነደፍኩት ሐረግ አለ። ከሱ ቀጥሎ ደሳለች የተሞሸረችበት አለ፤ ሲላስ ያን ቀን ከጎኗ ቆሞ ፎቶ ሲነሣ ደረቷ ላይ የነበረው። የሚፈለግ ነገር የለውም ሲል ይኸም ውስጡ ነበር። አላሳየሁትም። ራሱ ከኋላዬ ቆሞ አየው፣ አወቀውም።

ሊሚ ቦርሳዋን አንሥታ ሄደች። ሲላስ ፊቱ በራ። ይኸው ተሠራ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ይለፈን በቃ እማማ አለኝ፣ እጁም ወደ ደረቱ ወጣ። ደሳለችም እማዬ፣ ተዪው፣ ይብቃ አለች።

የሚበቃው ለማን ነው? ለሱ በቅቶታል፤ ኮምፒውተሩ ተሠርቶለታል፣ ቀሚሶቹም ይደርሱለታል። ሙኒያ ግን እዚያ ሽሮ ሜዳ ሱቋ ውስጥ ተቀምጣ እጇ አልታዘዝ ያላት አሮጊት እያለች ታዝንልኛለች። ለጎረቤት ሱቅ ነግራለች፣ እሷ የማትነግረው ነገር የለም። ነገ ቀሚስ ይዤ ብሄድ ከእጄ ተቀብላ አገላብጣ ነው የምታየው። ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁበት እጅ ነው። እሱ በአንድ ፈገግታ ወሰደው፣ በይለፈን ሊመልሰው ያምረዋል። ይህንኑ ሁሉ በፊቱ ተናገርኩት። ወደ ደሳለች ዞር ብዬ፣ አንቺም ክርሽን አጠንጥኚ አልኳት።

ደሳለች ክሩን አላነሣችም። ቆየችና ሄደች፣ ከበሩ ኋላ ካለው ምስማር የሲላስን ጃኬት አወረደች፣ ይዛ መጥታ እጁ ላይ አኖረችው። ሲላስ ጃኬቱን አየ፣ እሷን አየ፣ መጨረሻ ላይ እኔን አየኝ። ቤቴ ከገባ ጀምሮ እንደዚያ ቀጥ ብሎ አይቶኝ አያውቅም።

«ሙኒያ ሱቋን አልዘጋችም» አልኩት። «ልበሰውና አብረን እንሄዳለን። በዚያችው ፈገግታህ፣ እጅህን ደረትህ ላይ አድርገህ፣ የነካሁት እኔ ነኝ፣ እማማ አይደሉም ትላታለህ፣ እኔ አጠገብህ ቆሜ። ከመውጣታችን በፊት ደግሞ ና፣ እዚህ ተቀመጥ፣ ፓስወርዱን ስጠኝ። ለደሳለች አይደለም፣ ለሊሚ አይደለም፣ ለኔ። ኪቦርዱን ሳትሸፍን፣ ፊደል በፊደል አሳየኝ። የፈረንጁን ፊደል አላውቀውም፤ ቅርጹን አይቼ እንደ ሐረግ እነድፈዋለሁ። በል፣ ተቀመጥ።»